ሁለት ጣት

ርእሶም ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የማይቀር ልማድ ነበረው። በሩን ይዘጋል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ከዚያ መሪውን ይዞ ወደ ግራ በቀስታ፣ ወደ ቀኝ በቀስታ ያወዛውዘዋል። የፊት ጎማዎቹ ሳይነቃነቁ መሪው ብቻውን የሚሄድባት ትንሽ ቦታ አለች። የአስመራ መካኒኮች ከጣልያን በቀረ ቃል «ጆኮ» ይሏታል። ርእሶም ያቺን ቦታ በጣቱ ይለካታል። ሁለት ጣቱን ጎን ለጎን ሲያጋድም ልክ ከሞላች «ደህና አደርሽ» ይላትና ቁልፉን ያዞራል።

ሁለት ጣት ጤና ነው። የዱሮ መኪና መሪ ከጎማው ጋር የሚገናኘው ዘይት በሞላ ሳጥን ውስጥ በሚነካከሱ ጥርሶች ነው፤ ጥርስና ጥርስ ትንሽ መተንፈሻ ካላገኙ ይተናነቃሉ። ከሁለት ጣት ካነሰ መሪው ይደርቃል፤ ከበዛ መኪናው የሾፌሩን ትቶ የራሱን ፈቃድ መከተል ይጀምራል። ፊያት ሚሌቸንቶ የምትባለው የጣልያን መኪና በነገሠችበት ዘመን አስመራ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል። መለኪያ መሣሪያ ይዞ የሚዞር አልነበረም፤ ጣት ግን ሁሉም ነበረው። የዛሬን ለስላሳ መሪ የለመደ ሰው የርእሶምን ፊያት ቢይዝ «ይሄ መኪና እኮ አብቅቶለታል» ብሎ ወርዶ ይሄዳል። ሞኝነት ነው፤ ግን አይፈረድበትም፤ ያላሳደጉት ልጅ ጠባዩ አይታወቅም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ርእሶም ጣቶቹን ቢያጋድም ቦታዋ አልሞላ አለችው። ሦስተኛ ጣት ጨመረ፤ ሞላች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

«ሦስት» አለ። «አንቺም አረጀሽ?»

ደስ አላለውም፤ ግን አልደነገጠም። ዕቃ ነው፣ ያረጃል። የከፋው በሳምንቱ የመጣው ነበር። በገበያው ጥግ ሲታጠፍ የመኪናዋ አፍንጫ ካሰበው በላይ ወጣና የአንዲት ብርቱካን ሻጭ ሣጥኖችን ገፋ። ሰው አልተነካም። ብርቱካኑ ግን ቁልቁለቱን ይዞ መንገዱን ሞላው፤ ብስክሌተኞች ወርደው ለቃቀሙ። ከቡና ቤት በረንዳ ላይ ጋዜጣ የያዘ አንድ የዱሮ ታክሲ ነጂ «ርእሶም፣ ዘንድሮስ የብርቱካን አገር ግንዳዕ ድረስ ሳትወርድ ብርቱካን አገኘህ» ብሎ በረንዳውን አሳቀበት።

የሳቁት አልከበዱትም። የከበደችው ያልሳቀችው ነበረች። ልጁ ምጽላል የውሃ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ የምትነዳ፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእሱ ጋር የምትኖር፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ማታ ራት ቀርቦ እንጀራውን ሳይቆርሱ ተናገረች።

«ባባ፣ ካንተ ጋር መጨቃጨቅ አልፈልግም። የመኪናው ጥፋት ከሆነ መካኒኩ አቦይ እቁባይ ይዩትና ይሠራ። መኪናው ጤነኛ ነው ካሉ ግን ቁልፉን ለእኔ ትሰጠኛለህ።»

«ሦስት ጣት ሆኗል እያልኩሽ።»

«እሱን አቦይ እቁባይ ይፍረዱ።»

«ይፍረድ። ጤነኛ ነው ካለ በገዛ እጄ አውጥቼ እሰጥሻለሁ። በይ ብዪ።»

ይህን ያለው እርግጠኛ ስለነበር ነው። እርግጠኛ ባይሆን ኖሮ በዚያ ቁልፍ አይወራረድም፤ ከዚያ ቁልፍ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረምና። ያቺን ፊያት በጉብዝናው ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያናዊ ነው ለታክሲ የገዛት። ግንዳዕ ሰው አድርሶ ሲመለስ የብርቱካን ቅርጫት በጭኗ ይዛ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ አብረኸት ነበረች። ያን ቀን መንገዱ አጋማሽ ላይ ያለችው ነፋሲት እስኪደርሱ ቃል አልወጣትም። ከዚያ እጁን እያየች ቆይታ «አንተ፣ እጅህ አያርፍም እንዴ?» አለችው። «መሪውን ሕፃን ነው እንዴ የምታባብለው?» እውነቷን ነው፤ የሚሌቸንቶ ሾፌር መንገዱ ቀጥ ባለበትም እጁ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ይላል፤ ያቺን የሁለት ጣት ቦታ ሲያዳምጣት ነው። በተጋቡ ጊዜም የሄዱት በዚያች መኪና ነው፤ ምጽላልን ለመውለድ ሆስፒታል የሄደችውም በዚያችው፤ ዕድሜ ልኳንም በሄዱበት ሁሉ ያንኑ ቀልድ ደገመችለት፣ ዕድሜ ልኩንም ሳቀላት። ስትሞት «እኔ የአስመራን ብርድ አልወድም፤ በሞቀበት ቅበሩኝ» ብላ ነበርና ግንዳዕ አስተኟት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለጥር ማርያም ርእሶም ቁልቁል ወርዶ ሻማ ያበራላታል። አውቶቡስ መኖሩን ያውቃል። በአውቶቡስ ወደ አብረኸት መሄድ ግን እንግዳ መሆን መሰለው።

የእቁባይ ጋራዥ ገጀረት ሰፈር ውስጥ የአንድ ግቢ ጓሮ ነው፤ በር የለውም፣ በፊት በር የነበረበት ቦታ ላይ የአሮጌ መኪና በር ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ የጣልያን ጋራዥ ጎማ እያጠቡ አብረው አደጉ፤ ከዚያ አንዱ ከመኪናው ላይ፣ አንዱ ከመኪናው ሥር ቀረ። እቁባይ ወፍራም ነው፤ በተለይ ጣቶቹ ሙዝ ያህላሉ፤ በእነዚያ ጣቶች ግን ከዓይን የሚያመልጥ ብሎን ያነሳል።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋች?» አለ ቱታውን እየቆለፈ።

«ሦስት ጣት ሆናለች።»

«ሦስት? ባለፈው ዓመት ዘይቷን ስቀይር ሁለት ነበረች እኮ።»

«ዓመት ቀላል ነው እንዴ? ባለፈው ዓመት አንተም ጎንበስ ብለህ ጫማህን ታሥር ነበር።»

«አሁንም አሥራለሁ። የማየው ነገር ነው የጠፋብኝ» አለ እቁባይ ሆዱን እየመታ፤ ካርቶን አንጥፎ ገባ።

ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አንዱ ላይ ተቀምጦ መሪውን ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ከሳጥኑ በሚወጣው ክንድ ላይ መዳፉን ያሳርፋል። ክንዱ መነቃነቅ በጀመረባት ቅጽበት «ያዘ» ይላል፤ ላይ ያለው መሪው ላይ በጠመኔ ይጭራል። ወደ ሌላውም ጎን እንደዚያው። በሁለቱ ጭረት መካከል ያለው ነው የሚፈረድበት። ርእሶምና እቁባይ ይህን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ በየዘመኑ ከሥር የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው የወፈረው።

«ቀስ በል፤ ሊጥ አይደለም የምታቦካው።»

«ቀስ ብያለሁ።»

«ያዘ።» ጠመኔው ጫረ። «መልስ። መልስ። ያዘ።»

ርእሶም ጣቶቹን በሁለቱ ጭረት መካከል አጋደመ። ሦስት ገቡ። «ና እየው!» ብሎ ተጣራ፤ ያሸነፈ ልጅ ይመስል ነበር።

እቁባይ እያቃሰተ ወጣ፣ «ውረድ እስቲ» አለና በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠ። ሰፊ ጀርባው መሪውን ጋረደው። ከሚገባው በላይ ቆየ። ከዚያ ወርዶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነቀነቀ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሳጥኑን በጨርቅ ወለወለ፣ ዘጋው። ከዚያ የርእሶምን እጅ አየ።

«ቀለበትህን ለምን በክር ጠመጠምከው?»

«ይሸሻል። ብርዱ ነው፤ ምጽላል ናት ያሰረችልኝ። ይልቅ ፍርድህን ስጥ።»

«ቸኮልክ።»

«ያስቸኩላል። ጤነኛ ነው ካልክ ቁልፌን ትወስደዋለች፤ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቁልፉን?»

«ቁልፉን።»

እቁባይ አፍንጫውን በክንዱ አበሰ። «ልክ ነህ» አለ። «ላልቷል። ተወውና ማታ ና፤ አጠብቀዋለሁ።»

ማታ ሲመጣ መሪው ላይ አንድ ጣት እንኳ በመከራ ነበር የሚገባው። ርእሶም እየደጋገመ አወዛወዘው፤ ወጣትነቱ የተመለሰለት መሰለው። እቁባይ ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ በመስኮቱ ተደግፎ፣ «ስማኝ» አለ፣ «ለጊዜው ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳው። ቁልቁል ከመውረድህ በፊት አምጣልኝ፤ አንድ የማየው ነገር አለኝ።»

«ለማርያም እንደምወርድ ታውቃለህ።»

«ስለማውቅ ነው የምልህ። እንዳትረሳ።»

ቤት ሲደርስ ለምጽላል «ተፈረደ» አላት። «ላልቷል ብሎ አጠበቀው።» እሷም «እሺ ባባ» ብላ ሰሃን ማጠቧን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለርእሶም የድል ሳምንታት ነበሩ። መሪው ከበድ ብሎታል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ይዞ የመልቀቅ ነገር ይታይበታል። ግን በካቴድራሉ ፊት ባለው ሰፊ ጎዳና በዝግታ የሚሄድ ሰው ያን ያህል አይሰማውም። በዚያ ላይ ደስታ ጆሮ የለውም። በገበያው ጥግ ሆን ብሎ አለፈ፤ ብርቱካን ሻጯ ሣጥኖቿን ወደ ውስጥ ስትስብ አይቶ ክላክስ ነፋላት።

በማርያም ዋዜማ ወደ እቁባይ ጓሮ ሄደ። ያ የመኪና በር ተዘግቶ በሽቦ ታስሯል። አንድ ጎረቤት፣ እቁባይ ለለቅሶ ደቀምሓረ ከተማ መሄዱን፣ ቶሎ እንደማይመለስ ነገረው። ርእሶም ቆሞ አሰበ። «እቁባይ ድሮም ያለ ምክንያት ይጨነቃል» አለ፤ በዓሉ ደግሞ ነገ ነው። አዎ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምቷል፤ ግን ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ጥያቄ አያበዛም።

በነጋታው ምጽላል ሻማውንና ቅርጫቱን ይዛ ከጎኑ ተቀመጠች። በከተማዋ ጠርዝ ላይ ጉሙ ከቆላ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። የአርበሮቡዕን መንደር አልፈው ትንሽ ቁልቁል ሲወርዱ ገለጥ አለ፤ ከሥር አረንጓዴው ታየ፣ ነጭ የተቀቡት የዳር ድንጋዮች ታዩ። ርእሶም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እናትሽ እዚህ ጋ ሁልጊዜ በለስ ግዛልኝ ትለኝ ነበር። ወቅቱ አይደለም ስላት፣ ሾፌር ከሆንክ ፈልግ ትለኛለች።»

«ለእኔም ትል ነበር» አለች ምጽላል።

መንገዱ እዚያ አካባቢ ወደ ተራራው ሆድ ይገባና ስርጉዱን ተከትሎ ይዞራል፤ ገደሉ በውስጥ በኩል ነው። ርእሶም ዕድሜውን ሁሉ እንዳደረገው ማርሽ ቀነሰ፣ መሪውን አዞረ፣ ኩርባው ሲያልቅ መዳፎቹን ከፈተ። መሪው በመዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተ በራሱ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አሁንም መጣ። ሊቃና ትንሽ ሲቀረው ግን ቆመ። መኪናዋ መዞሯን አልተወችም፤ ነጮቹ ድንጋዮች ወደ አፍንጫዋ መጡ።

«ባባ!»

በሁለት እጁ ጎተተው፤ መሪው ይዞት ቆየና ድንገት ለቀቀው፤ ፍሬኑን ረገጠ። ሲቆሙ የፊት ብረቱ ከድንጋዩ ጋር አልተነካካም፤ መሃላቸው ግን ድመት አያሳልፍም ነበር። ከታች የጅረት ድምፅ ይሰማል። ምጽላል ቅርጫቱን እንዳቀፈች ቀርታለች።

መኪናዋን ወደ ኋላ መልሶ ከመንገድ አወጣት። ምጽላል ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች፤ እሱ አፍንጫዋን በክሪክ አነሳና መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረው። ጫፍና ጫፍ ላይ ልል ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ይታነቃል። እንደገና አዞረ፤ እንደገና መሃል ላይ ታነቀ።

የሚያውቀውን ነገር ባላወቀው ደስ ባለው። ሾፌር ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነውና የመሪ ሳጥን ጥርሱ የሚበላው መሃል ላይ ነው። በእውነት ያረጀ ሳጥን ሲያጠብቁት መሃሉ ይድናል፤ የሚያንቀው ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። መሃሉ ላይ የሚታነቅ ሳጥን አንድ ብቻ ነው፤ ምንም ሳይሆን ያለ ኃጢአቱ የተጠበቀ ጤነኛ ሳጥን።

«እቁባይ ዋሸኝ» አለ።

«ምን?»

«ሳጥኑ ጤነኛ ነበር። ዋሸኝ።»

ንዴቱ ፊቱን አሞቀው። ኮፈኑን ከፍቶ የሳጥኑን ራስ በጨርቅ ጠረገ፤ ማስተካከያው ብሎን እዚያ ነው። ከቅባቱ ሥር ቀይ ነገር ወጣ፤ ያየው ጊዜ እጁ ቆመ። የአብረኸት የጥፍር ቀለም ነው። እቁባይ ይህን ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ ፈትቶ ሲገጥም ግቢያቸው ውስጥ ነበር የሠራው፤ ብሎኑ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ምልክት ፈልጎ ቀለም ቢጠይቅ፣ አብረኸት ያችን ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። «አንድ ጣት ብቻ ነው የምቀባላት፤ ሙሽራ አይደለችም» ብላ ሦስቱም ሳቁ። ከብሎኑ ራስ እስከ ሳጥኑ ክዳን አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ያሰመረችው ራሷ ናት። ያ መስመር አሁን ተሰብሯል፤ ግማሹ ብሎኑ ላይ ሆኖ ዞሯል፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ቀርቷል።

ርእሶም መፍቻና ካቻቢቴ አወጣ። የብሎኑን ማሰሪያ ዳዶ ፈታ፣ ብሎኑን ወደ ኋላ መለሰው፤ ቀዩ ከቀዩ ጋር እስኪገናኝ ድረስ። ዳዶውን አጠበቀ። ክሪኩን አወረደ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ግራ በቀስታ፣ ወደ ቀኝ በቀስታ አወዛወዘ። አብረኸት ባሰመረችው ቦታ ላይ ናት፤ ሁለት ጣት መሆን አለባት። ጣቶቹን አጋደመ።

ሦስት ገቡ።

እንደገና ሞከረ። ሦስት። ምንም ሊገባው አልቻለም። እጁ ቅባት ነበርና በጨርቅ ሲያብሰው ቀለበቱ ከነክሩ ሸሸና ወጣ፤ አስፋልቱ ላይ ተንቃጨለ፣ ምጽላል በእግሯ አስቆመችው። አንስታ እጁን ያዘችና ልታጠልቅለት ስትል ሁለቱም ጣቱን አዩት። አጥንትና ቆዳ ነው። ቀለበቱ ክሩን ለብሶም እንኳ ይዞር ነበር።

ርእሶም ከጣቱ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። የእቁባይ ሰፊ ጀርባ መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ የቆየው፣ ስለ ቀለበቱ የጠየቀው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት።

«ጣቴ ነው» አለ።

«ምን ሆነ ጣትህ? ተመታህ?»

«ቀጥኗል። የቀጠነው ጣቴ ነው። እሷማ እንደነበረች ናት።» ጨርቁን ኮፈኑ ላይ ጣለ። «ብርቱካኑንም የበተንኩት እኔ ነኝ።»

ምጽላል ቀለበቱን እስከ መገጣጠሚያው ገፋችለትና እጁን ሳትለቅ ቆየች። ርእሶም ምን ያህል እንደከፋው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ እንባውን በኮፍያው ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ ወርዶ፣ በመኪናዋ ፊት ዞሮ፣ በሌላኛው በር ገባ። ቁልፉ ከነበረበት አልተነቀለም።

«ንጂ እንጂ፤ ቅዳሴው ሊወጣ ነው።»

ምጽላል ትልቅ መኪና የምትገራ ሴት ናት፤ ይህቺ ግን አስቸገረቻት። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጥ ልታደርጋት ስትታገል መኪናዋ ግራና ቀኝ እየረገጠች ሄደች።

«ባባ፣ ይሄ ነገር ይዋልላል። በዚህ ነው እስከዛሬ የነዳኸው?»

«አትጨብጫት። ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ቦታ የእሷ ናት፤ ተያትላት። ከዚያ ወዲያ ያለው ያንቺ ነው።»

ነፋሲት ሳይደርሱ እጇ መላላት ጀመረ፤ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ። ርእሶም አብረኸት ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሆኖ ያያል። እዚያ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኩል የሾፌሩ እጅ እንዴት እንደሚታይ ዛሬ ገና አየ፤ እውነትም ያስቃል።

«መሪውን ሕፃን ነው እንዴ የምታባብዪው?» አላት።

ምጽላል ዞር ብላ አየችው፤ የእናቷን ቃል አወቀችው። ግንዳዕ ደረሱ። መቃብሩ ላይ ሻማውን ያበራችው እሷ ናት፤ የእሱ ክብሪት በነፋሱ አልያዝ ብሎት ነበር፤ አላፈረበትም።

እቁባይ ከደቀምሓረ በተመለሰ ማግስት ፊያቷ ወደ ጓሮው ገባች። ከሾፌሩ በር ምጽላል ስትወርድ፣ ከሌላው በር ርእሶም ሲወርድ አየና እጁ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠ። መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ወርዳችኋል» አለ።

«ወርደናል። ማርያም ናት ያተረፈችን።»

እቁባይ ጥግ ካለ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ግዙፍ ሰውነቱ ድንገት ያነሰ መሰለ። «ሳትወርድ አምጣልኝ ብዬህ ነበር። መልሼ ላላላው ነበር፤ እግዜር ያውቃል።»

«በአንተ ጣት ስንት ነበር?»

«ሁለት።»

«ሁለት» አለ ርእሶም። «ያን ጊዜ ሁለት ነው አትለኝም? ልጄን ገደል ልትከትብኝ። የአብረኸትን ቀለም ሰብረህ ውሸት ከምታጠብቅብኝ፣ ርእሶም በቃህ ማለት ይከብዳል?»

«ይከብዳል» አለ እቁባይ። ቀና ብሎ አየው። «አንተ ብትሆን ትለኝ ነበር?»

 የሚወድህ ያስለቅስሃል ይባላል፤ ማስለቀስ ግን አንጀት ይፈልጋል። ይሄ ሰው ከሥር ተኝቶ «ያዘ» ሲለው ርእሶም ዕድሜውን ሁሉ አምኖታል፤ ጎማ ሲያጥቡ በአንድ ሳህን በልተዋል። ንዴቱን ፈለገው፣ የለም።

«አልልህም ነበር» አለ።

ምጽላል የሁለቱንም ፊት አየች፤ ከዚያ ተመልሳ በሾፌሩ በር ገባችና መሪውን ያዘች። «አቦይ እቁባይ፣ እስቲ ይግቡ» አለች። «አሁን በእኔ ይለካ።»

እቁባይ ካርቶኑን አነጠፈና እያቃሰተ ገባ። ርእሶም ጠመኔውን አንስቶ በመስኮቱ በኩል ቆመ። እሷ አወዛወዘች።

«ቀስ በይ ልጄ፤ ሊጥ አይደለም» አለ ከሥር። «ያዘ። መልሺ። ያዘ።»

ርእሶም ሁለቱን ጊዜ ጫረ። የምጽላልን እጅ ወስዶ ጣቶቿን በጭረቶቹ መካከል አጋደማቸው፤ የእናቷ ጣቶች ናቸው፣ ቀጫጭን። ሦስት ገቡ።

«ባንቺ ጣት ሦስት ነው» አላት። «ይህን ልብ በይ። ስትወፍሪም ስትከሺም እያስታወስሽ ለኪ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናዋ ሥር ተጣራ። «እቁባይ።»

«አቤት።»

«ፍርድህን ስጥ።»

ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ፤ ድምፁ ከሥር መጣ። 

«ጤነኛ ነው፣ ርእሶም።»

ርእሶም ጠመኔውን ኪሱ ከተተና መሪው ላይ የቀሩትን ጭረቶች በእጅጌው ጠረገ።